ካርዱ ውስጥ ጌሙ አለ ወይ? የስዊች ጌም ከመግዛትዎ በፊት የሚጣሩ ነገሮች

መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት የኒንቴንዶ ስዊች 2 ጌሞች ሳጥናቸው አንድ ዓይነት፣ ዋጋቸውም ተቀራራቢ ሊሆን ይችላል። የአንደኛው ካርድ ጌሙን ሙሉ በሙሉ ይዟል፤ ኮንሶሉ (መጫወቻ መሣሪያው) ላይ ሰክተው ወዲያው ይጫወታሉ። በሌላኛው ካርድ ላይ ግን ጌሙ የለም፤ 50 ወይም 60 ጊጋባይት ከኢንተርኔት ካላወረዱ አይከፈትም። ሦስተኛም ዓይነት አለ፤ ሳጥኑ ሲከፈት ካርድ የሚባል ነገር አይገኝበትም፣ ያለው ኮድ የታተመበት ወረቀት ብቻ ነው።

አሳታሚው ከካርዱ ላይ የቀነሰው ወጪ የትም አይጠፋም፤ ወደ ገዢው ይዞራል። ገዢው በሜሞሪ ካርድ፣ በኢንተርኔት ፓኬጅና በሰዓት ይከፍለዋል። ስለዚህ ሳጥኑ ላይ የተለጠፈው ዋጋ የጌሙ ዋጋ የሚሆነው ጌሙ ካርዱ ውስጥ ካለ ብቻ ነው። ከዚህ በታች ያለው ይህን ከመክፈልዎ በፊት እንዴት እንደሚያውቁ፣ የተደበቀውን ወጪ እንዴት እንደሚያሰሉ፣ ኢንተርኔት ደካማ ወይም ውድ በሆነበት ቦታ ለሚጫወት ሰው ደግሞ ምን እንደሚያዘጋጁለት ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ካርድ ለምን ይወደዳል

የፕሌይስቴሽንና የኤክስቦክስ ዲስክ በማሽን ተጨፍልቆ የሚታተም ፕላስቲክ ነው። 25 ጊጋባይት ቢይዝ 50፣ በማምረቻ ወጪው ላይ የሚመጣው ልዩነት ትንሽ ነው። የስዊች ካርድ ግን ውስጡ የኤሌክትሮኒክስ ቺፕ ነው፤ ብዙ መረጃ መያዝ ካለበት ብዙ ሲሊከን ይፈልጋል፣ ዋጋውም ከመጠኑ ጋር ይወጣል። አሳታሚው ካርዱን የትም አያሳትምም፤ ከኒንቴንዶ ነው የሚያዘው። የሚያዘውም ጌሙ ገበያ ሳይወጣ ነው። አሥር ሺህ ካርድ አዝዞ ስድስት ሺህ ቢሸጥ፣ የተረፈው አራት ሺህ ቺፕ ኪሳራው ነው። ትናንሽ አሳታሚዎች በዚህ የተነሳ ካርድ ማሳተምን ይፈራሉ፤ ፍርሃታቸውም መሠረት አለው።

የመጀመሪያው ስዊች በ2017 ሲወጣ ካርዶቹ በ1፣ በ2፣ በ4፣ በ8፣ በ16 እና በ32 ጊጋባይት ነበር የሚታዘዙት። ይህን ደረጃ ልብ ማለት ብዙ ነገር ያስረዳል። ጌሙ 17 ጊጋባይት ሆኖ የተገኘ አሳታሚ ባለ16ቱ አይበቃውም፤ ለአንዷ ጊጋባይት ሲል ባለ32ቱን መግዛት አለበት። ከዚህ ለመውጣት ያለው መንገድ ጥቂት ነው። ምስሉንና ድምፁን ጨምቆ ወደ 16 ማውረድ ይችላል። ትልቁን ካርድ ገዝቶ ዋጋ መጨመር ይችላል። ግማሹን ካርዱ ላይ አድርጎ ቀሪውን ገዢው እንዲያወርድ ማድረግም ይችላል። የመጨረሻው ለእሱ ርካሹ፣ ለገዢው ውዱ ነው።

እያንዳንዱ መንገድ በገበያ ላይ ታይቷል። በ2017 ራይም የተባለው ጌም የስዊች ካርዱ ከሌሎቹ ኮንሶሎች በ10 ዶላር በልጦ 39.99 ዶላር ተተመነ፤ አሳታሚው በስዊች ላይ ማሳተም ተጨማሪ ወጪ ስላለው ነው አለ። በዚያው ዓመት የወጣው ኤል ኤ ኗር ካርድ ቢኖረውም 14 ጊጋባይት ተጨማሪ ማውረድን ግድ አደረገ። በ2018 የካፕኮም ሜጋ ማን ሌጋሲ ኮሌክሽን 1 እና 2 ሲሸጥ የመጀመሪያው በካርድ፣ ሁለተኛው በማውረጃ ኮድ ነበር። በሌላ በኩል በ2019 የወጣው ዊቸር 3 ከነተጨማሪ ክፍሎቹ በአንድ ባለ32 ጊጋባይት ካርድ ላይ ገባ። ምስሉ ደብዝዟል፣ ግን ጌሙ ሙሉ ነው። በ2025 ደግሞ ይኸው አሳታሚ ሲዲ ፕሮጄክት ሳይበርፐንክ 2077ን ለስዊች 2 በባለ64 ጊጋባይት ካርድ ሙሉውን አወጣ። እንዲህ ያለ ትልቅ ጌም ካርድ ላይ ከገባ፣ ሃያና ሠላሳ ጊጋባይት የሆነ ጌም «አይገባም» ሲባል ጥያቄው የገንዘብ ምርጫ እንጂ የሚቻል የማይቻል ጉዳይ አይደለም።

ፍትሐዊ ለመሆን ሁለት ነገር መጨመር ያስፈልጋል። አንደኛ፣ ሁልጊዜ ቁጠባ ብቻ አይደለም። ስታር ዋርስ አውትሎውስ በስዊች 2 ላይ ያለ ሙሉ ካርድ የወጣው ካርዱ መረጃ የሚሰጥበት ፍጥነት ለጌሙ ስላልበቃ እንደሆነ ከሠሪዎቹ አንዱ አስረድቷል፤ ከኮንሶሉ ውስጣዊ ማከማቻ ሲነበብ ይፈጥናል። ሁለተኛ፣ ርካሽ የሆነው ዲስክም ገዢውን አላዳነም። በ2025 የወጣው ዱም ዘ ዳርክ ኤጅስ የፕሌይስቴሽን 5 ዲስኩ ላይ ያለው መረጃ 100 ሜጋባይት እንኳ አይሞላም፤ ቀሪው በኢንተርኔት ነው የሚወርደው። እና «ካርድ ውድ ስለሆነ ነው» የሚለው መልስ እውነትነት ቢኖረውም ለሁሉም ጌም አይሠራም።

ሳጥኑን ማንበብ

ዋናው ሥራ ይህ ነው፤ ከግማሽ ደቂቃ በላይም አይወስድም። የሥዕሉን ውበት ትተው የሳጥኑን የፊት ገጽ የታችኛውን ክፍል፣ ከዚያም የጀርባውን ጥቃቅን ጽሑፍ ያንብቡ።

በስዊች 2 ሳጥን ፊት ለፊት ከታች የቁልፍ ሥዕል ያለበት ምልክትና «ጌም ኪ ካርድ» የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ካዩ፣ ካርዱ የሚከፍት ቁልፍ እንጂ ጌሙ አይደለም፤ ከዚህ በኋላ ቁልፍ ካርድ እንለዋለን። ሲሰኩት ጌሙ ከኢንተርኔት ይወርዳል። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከፍቱት ኢንተርኔት ይፈልጋል፤ ከዚያ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ነገር ግን በተጫወቱ ቁጥር ካርዱ ተሰክቶ መቀመጥ አለበት። ምን ያህል ነፃ ቦታ እንደሚፈልግም ማሸጊያው ላይ ተጽፏል፤ ያን ቁጥር ይያዙት፣ ኋላ ለስሌቱ ይጠቅማል። ስትሪት ፋይተር 6፣ ያኩዛ 0 እና ብሬቭሊ ዲፎልት ለስዊች 2 የወጡት በዚህ መንገድ ነው። የኒንቴንዶ የራሱ ማሪዮ ካርት ወርልድና ዶንኪ ኮንግ ባናንዛ ግን ሙሉ ካርድ ናቸው።

በመጀመሪያው ስዊች ሳጥን ላይ የሚፈለገው ጽሑፍ ሌላ ነው፤ «ዳውንሎድ ሪኳየርድ» (ማውረድ ያስፈልጋል) የሚል፣ ወይም ኢንተርኔትና ሜሞሪ ካርድ ያስፈልጋል የሚል ማስጠንቀቂያ። ይህ ማለት ካርዱ ላይ አንድ ክፍል አለ፣ ሌላው የለም ነው። የትኛው ክፍል እንደሌለ ማወቅ ዋጋ አለው። በ2017 የወጣው ዱም ነጠላ ተጫዋች ክፍሉ ካርዱ ላይ ነበር፣ ከሌሎች ጋር በኢንተርኔት የሚጫወቱበት ክፍል ግን ለብቻው የሚወርድ ነበር፤ ብቻውን ለሚጫወት ሰው ይህ ጉዳት የለውም። ሦስት ጌም በአንድ ሳጥን ተብሎ አንዱ ብቻ ካርድ ላይ ሲሆን ግን ገዢው ከከፈለበት ሁለት ሦስተኛውን ካርዱ ላይ አላገኘም።

ሳጥኑ ላይ «ኮድ ኢን ቦክስ» ወይም «ኖ ጌም ካርድ ኢንክሉድድ» የሚል ካለ ካርድ የለም። ኦቨርዎችና ዎልፈንስታይን ያንግብለድ በ2019 ለስዊች የወጡት እንዲህ ነው፤ ስፕሊት ፊክሽንም ለስዊች 2 እንዲሁ። ኮዱ አንዴ ከገባ ከአካውንቱ ጋር ይታሰራል፤ አይሸጥም፣ አይዋስም፣ ለታናሽ ወንድም አይተላለፍም። ከሁሉም የከፋው ይህ ነው ብለን እናምናለን፤ ገዢው የሳጥን ዋጋ ከፍሎ የሳጥንን ጥቅም አንዱንም አያገኝም።

«ስዊች 2 ኤዲሽን» የሚል ሳጥን ግራ ያጋባል። የድሮውን የስዊች ጌምና ለስዊች 2 የተሻሻለበትን ተጨማሪ አንድ ላይ የያዘ ነው። ኒንቴንዶ ራሱ ባሳተማቸው፣ ለምሳሌ በዜልዳ ብሬዝ ኦቭ ዘ ዋይልድ፣ ሁለቱም ካርዱ ላይ አሉ። የሌላ አሳታሚ ሲሆን ጽሑፉን ለይተው ያንብቡ። ቀዩ የስዊች 2 ካርድ በመጀመሪያው ስዊች እንደማይሠራም አይርሱ፤ በተቃራኒው የድሮው ካርድ፣ ከጥቂቶች በቀር፣ ስዊች 2 ላይ ይሠራል።

«ኮምፕሊት» ወይም «ዴሉክስ» የሚል ቃል ብቻውን ማረጋገጫ አይደለም። ተጨማሪ ክፍሎቹ ካርዱ ላይ ናቸው ወይስ በኮድ? የሚለው ጀርባው ላይ ይገኛል። አዲስ ለሚገዛ ልዩነቱ የማውረድ ጣጣ ብቻ ነው፤ ያገለገለ ለሚገዛ ግን ኮዱ ቀድሞ ተበልቷል፣ የሚከፍለው ለባዶ ቃል ነው።

ሳጥኑን በእጅዎ ሳይዙ ሲገዙ

ኢንተርኔት ላይ ያሉ ሱቆች ብዙ ጊዜ የሚያሳዩት የማስታወቂያ ሥዕል እንጂ የሚላክልዎትን ሳጥን ፎቶ አይደለም። የቁልፍ ምልክቱ በዚያ ሥዕል ላይ ላይታይ ይችላል። ስለዚህ የምርቱን ዝርዝር እስከ መጨረሻው ያንብቡ። ካልተጻፈ ሻጩን በጽሑፍ ይጠይቁ፤ በጽሑፍ የሆነበት ምክንያት ዕቃው ሌላ ሆኖ ሲመጣ ለመመለስ ማስረጃ እንዲሆንዎ ነው። ደዝ ኢት ፕሌይ የተባለው ቡድን ካርዶችና ዲስኮች ያለ ኢንተርኔት ይሠሩ እንደሆነ እየፈተነ ውጤቱን ያወጣል፤ የጌሙን ስም እዚያ መፈለግ ከሻጭ ቃል ይበልጣል።

በግለሰብ ለሚሸጥ ያገለገለ ዕቃ አራት ፎቶ ይጠይቁ፤ የሳጥኑ ፊት፣ የሳጥኑ ጀርባ፣ የካርዱ ሁለቱም ገጽ። ሻጩ የፊቱን ብቻ፣ ያውም የታችኛውን ክፍል ቆርጦ ከላከ በድጋሚ ይጠይቁት። የባዶ ኮድ ሳጥን እንደ ጌም የሚሸጥ ሰው አለ።

እውነተኛውን ዋጋ ማስላት

ለቁልፍ ካርድም ሆነ በከፊል ለሚወርድ ጌም የሚደመሩት ሦስት ናቸው፤ የሳጥኑ ዋጋ፣ የማከማቻው ዋጋ፣ የኢንተርኔቱ ዋጋ።

ማከማቻውን እንጀምር። ስዊች 2 በውስጡ 256 ጊጋባይት አለው፤ ከዚያ ላይ ሲስተሙ ድርሻውን ይወስዳል። 60 ጊጋባይት የሆኑ ሦስት ጌሞች ያለ ችግር ይገባሉ፣ አራተኛው ላይ ይጣበባል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ጌሞች የማከማቻ ወጪ የለባቸውም፤ ከሞላ በኋላ ግን እያንዳንዱ ጊጋባይት ይገዛል። ስዊች 2 የሚቀበለው ማይክሮ ኤስዲ ኤክስፕረስ የተባለውን አዲሱን ካርድ ነው፤ ኮንሶሉ በሰኔ 2025 ሲወጣ ባለ256ቱ በአሜሪካ 60 ዶላር አካባቢ ይሸጥ ነበር። 60ን ለ256 ሲያካፍሉ አንዱ ጊጋባይት 23 ሳንቲም ያህል ይሆናል። 60 ጊጋባይት የሚፈልግ ጌም እንግዲህ ወደ 14 ዶላር የሚጠጋ ቦታ ይይዛል። በገዙበት ቀን ያለውን ዋጋ አስገብተው ሒሳቡን ይድገሙት፤ የሜሞሪ ዋጋ ይወጣል ይወርዳል።

ቀጥሎ ኢንተርኔት። ቤትዎ ያልተገደበ የኬብል ወይም የፋይበር መስመር ካለ ይህን ዜሮ ይበሉት። በሞባይል ዳታ ከሆነ ግን የፓኬጁን ዋጋ በያዘው ጊጋባይት ያካፍሉና በጌሙ መጠን ያባዙት። ከኢትዮ ቴሌኮምም ሆነ ከሳፋሪኮም በሚገዛ ፓኬጅ 60 ጊጋባይት ማውረድ ቀላል ወጪ አይደለም፤ ትልቁ ፓኬጅ በጊጋባይት ሲሰላ ስለሚረክስ ትናንሾቹን ደጋግሞ ከመግዛት አንዴ ትልቁን መግዛት ይሻላል። ዝማኔዎችም ዳታ እንደሚበሉ ያስቡ፤ ከጌሙ መጠን ላይ የተወሰነ ጭማሪ ይተዉ።

ሰዓቱንም ማወቅ ይቻላል። የጌሙን ጊጋባይት በ2.2 ያባዙ፣ ውጤቱን በመስመርዎ ሜጋቢት በሰከንድ ያካፍሉ፤ የሚያገኙት ሰዓት ነው። 60 ጊጋባይት በ10 ሜጋቢት መስመር ከ13 ሰዓት በላይ ይፈጃል። በ5 ሜጋቢት ከአንድ ቀን በላይ፣ በ50 ሜጋቢት ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ። ይህ መስመሩ ሳይቆራረጥ ሲሆን ነው።

አሁን ሁለት ሳጥን ያነጻጽሩ። አንዱ ሙሉ ካርድ 70 ዶላር፣ ሌላው ቁልፍ ካርድ 60 ዶላር ቢሆን፣ ማከማቻው ለሞላበት ሰው ሁለተኛው 74 ዶላርና የዳታው ዋጋ ይሆናል። ርካሽ የመሰለው ውድ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው። በአንጻሩ ማከማቻው ባዶ፣ ኢንተርኔቱ ያልተገደበ ለሆነ ሰው የ10 ዶላሩ ቅናሽ እውነተኛ ነው። መልሱ ከሰው ሰው ስለሚለያይ ነው ስሌቱን ራስዎ መሥራት ያለብዎት።

አውሮፓ ለምትኖሩ አንድ ተጨማሪ አለ። በዚያ ገበያ ኒንቴንዶ ራሱ የካርዱን ወጪ በዋጋው ላይ ለይቶ አሳይቷል፤ ማሪዮ ካርት ወርልድ በማውረድ 79.99 ዩሮ፣ በካርድ 89.99 ዩሮ ነው የተተመነው፤ በአሜሪካ ሁለቱም 79.99 ዶላር ሆነው ሳለ። ይህ 10 ዩሮ ተመልሶ የሚመጣው ተጫውተው ሲጨርሱ ካርዱን ከሸጡት ነው። የማይሸጡ ከሆነ፣ ማከማቻም ካለዎት፣ ማውረዱ ይረክሳል።

ሜሞሪ ካርድ ሲገዙ የሚበላሸው

በጣም የተለመደው ስህተት የድሮውን ማይክሮ ኤስዲ ለስዊች 2 መግዛት ነው። መጠኑ አንድ ስለሆነ ይሰካል፤ ጌም ግን አይጫንበትም፣ ከድሮው ስዊች የተነሱ ፎቶዎችና ቪዲዮዎችን ለመመልከት ብቻ ያገለግላል። ትክክለኛው ካርድ ላይ ኢ እና ኤክስ የሚሉ ሁለት የላቲን ፊደላት ተያይዘው ይታያሉ፤ ጀርባውን ሲገለብጡትም ወርቃማ የመገናኛ ጥርሶቹ በሁለት ረድፍ ናቸው። የድሮው ብዙውን ጊዜ አንድ ረድፍ ብቻ ነው ያለው። ማሸጊያው ላይ «ለስዊች» የሚል መጻፉ አያስተማምንም፣ ለመጀመሪያው ስዊች ሊሆን ይችላል።

ሐሰተኛ ካርድ ሁለተኛው አደጋ ነው። 512 ጊጋባይት ነኝ እያለ ውስጡ 32 ብቻ የሆነ ካርድ ኮንሶሉ ላይ ሲሰካ ትክክል መስሎ ይታያል፤ እውነቱ የሚወጣው ከ32 ሲያልፍ ነው፣ ያን ጊዜ የወረደው ሁሉ ይበላሻል። እንደገዙ ኮምፒውተር ላይ ሰክተው እስከ አፉ በፋይል ይሙሉት፣ ከዚያ የመጀመሪያዎቹንና የመጨረሻዎቹን ፋይሎች ይክፈቱ። ከተከፈቱ ፋይሎቹን አጥፍተው ኮንሶሉ ላይ ፎርማት ያድርጉት።

ኮንሶሉ ወደ አገር ቤት የሚሄድ ከሆነ

ከዋሽንግተን፣ ከቴል አቪቭ፣ ከፍራንክፈርት ወይም ከዱባይ ለአዲስ አበባ ልጆች ስዊች የሚልክ ዘመድ ይህን ክፍል ሳይዘል ያንብብ። ኒንቴንዶ ለኢትዮጵያ የከፈተው ኢሾፕ (የራሱ የኢንተርኔት የጌም ሱቅ) የለም፤ ስለዚህ አካውንቱ፣ ማውረዱና የመጀመሪያው መክፈቻ ሁሉ ከጉዞው በፊት ቢያልቅ ይመረጣል።

መጀመሪያ ለመላክ ሙሉ ካርድ የሆኑ ጌሞችን ይምረጡ። ሁለት ሙሉ ካርድ ከአራት ቁልፍ ካርድ ይሻላል፤ ልጆቹ ካርዱን ከጎረቤት ልጅ ጋር ሲቀያየሩ እንኳ ወዲያው ይሠራል። ቁልፍ ካርድ ሲቀያየሩ ግን ተቀባዩ እንደ አዲስ 60 ጊጋባይት ማውረድ አለበት።

ቁልፍ ካርድ መላክ ግድ ከሆነ እዚያው ፈጣን መስመር ባለበት ቤት ኮንሶሉን ያብሩ፣ የሲስተም ዝማኔውን ይጨርሱ፣ ካርዱን ሰክተው ጌሙን ያውርዱ። ወርዶ ሲያልቅ አያጥፉት፤ ጌሙን ይክፈቱና መጫወት እስኪጀምር ድረስ ይግቡበት፣ የመጀመሪያው መክፈቻ ኢንተርኔት የሚፈልገው እዚህ ላይ ነውና። ከዚያ ኮንሶሉን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርገው ሙሉ በሙሉ ያጥፉት፣ መልሰው ያብሩት፣ ጌሙን እንደገና ይክፈቱ። ያለ ኢንተርኔት ከተከፈተ ዝግጁ ነው። ጌሙ ራሱ በኢንተርኔት ካልሆነ የማይሠራ ከሆነ በዚህ ፈተና ይታወቃል፤ እንደዚያ ያለውን አይላኩ።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ፤ ጌሙን በራሱ ኮንሶል ላይ ባለ ሜሞሪ ካርድ አውርዶ ካርዱን ብቻ መላክ። አይሠራም። በሜሞሪ ካርድ ላይ የሚጫነው ጌም ከጫነው ኮንሶል ጋር የተቆለፈ ነው፤ ሌላ ኮንሶል አያነበውም፣ አጥፍቼ ልጀምር ይላል። የሚላከው ኮንሶልና እዚያው ኮንሶል ላይ የተሞላው ሜሞሪ ካርድ አብረው መሄድ አለባቸው።

ልጆቹ ቦታ ለማስለቀቅ ሲሉ የወረደውን ጌም እንዳያጠፉ ቀድመው ይንገሯቸው። የጨዋታቸው ማስቀመጫ በኮንሶሉ ውስጥ ስለሚቀር አይጠፋም፤ ጌሙ ራሱ ግን እንደገና መውረድ አለበት። ለዚህም ነው ሲልኩ ሰፋ ያለ ሜሞሪ ካርድ መጨመር የሚያዋጣው።

አገር ቤት ሆኖ ማውረድ ካልቀረ ደግሞ ኮንሶሉን ቻርጀር ላይ ሰክተው ስክሪኑን በእንቅልፍ ሁኔታ ይተዉት፤ ማውረዱ ይቀጥላል። መብራት ቢጠፋ ወይም መስመሩ ቢቆረጥ የወረደው አይባክንም፣ ከቆመበት ይቀጥላል። በስልክ ሆትስፖት የሚያወርዱ ከሆነ ስልኩ ለረጅም ጊዜ ካልተነካ ሆትስፖቱን ራሱ እንዳያጠፋ ቅንብሩን ያስተካክሉ፤ ሌሊቱን ሙሉ ወረደ ብለው ሲያዩ ሁለት ጊጋባይት ላይ ቆሞ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

ያገለገለ ካርድ መፈተሽ

ከሻጩ ጋር በአካል ሲገናኙ ኮንሶልዎን ይዘው ይሂዱ፤ ቀድመውም ኤርፕሌን ሞድ ያድርጉት። ያ ጌም ከዚህ በፊት ኮንሶሉ ላይ ተጭኖ ከነበረ ያጥፉት፣ አለዚያ ፈተናው ያታልላል። ካርዱን ሰክተው ምስሉ መውጣቱን ይጠብቁ፣ ይክፈቱት፣ እስከ መጀመሪያው የጨዋታ ክፍል ይግቡ። አውርድ ካላለ ሙሉ ካርድ ነው። አንዳንድ ጌም የመጀመሪያውን ክፍል ብቻ ካርዱ ላይ ስለሚይዝ ዋናውን ምርጫ ዝርዝርም ይመልከቱ፤ ደብዝዘው ወይም የማውረጃ ምልክት ይዘው የቆሙ ክፍሎች ካሉ የጎደለው እነሱ ናቸው።

ካርዱ ካልተነበበ ወዲያው ተበላሽቷል አይበሉ። መገናኛ ጥርሶቹን በደረቅ፣ ክር በማይለቅ ጨርቅ በቀስታ ይጥረጉ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ያውጡና ይሰኩ። ውኃ አይንካው። የጌሙ ምስል ላይ ሆነው የመደመር ምልክት ያለበትን ቁልፍ ሲጫኑ የሚመጣው ዝርዝር ውስጥ የተበላሸ መረጃ ካለ የሚያጣራ ምርጫ አለ፤ እሱን አሂደው ችግር ካሳየ ይተዉት። (ትንሽ ልጅ ላለበት ቤት፤ ኒንቴንዶ ካርዶቹን በመራራ ነገር የሚቀባቸው ሕፃናት እንዳይውጧቸው ነው። ያም ሆኖ ከእጃቸው ያርቁ።)

የተቀዳ ካርድም ገበያ ላይ አለ። አንዱ ሰው የካርዱን ይዘት ገልብጦ ሲጫወትበት ዋናውን ሸጦልዎት ከሆነ፣ ሁለት ኮንሶል በአንድ ካርድ ማንነት ኢንተርኔት ላይ ሲታይ የእርስዎም ኮንሶል ከኒንቴንዶ አገልግሎት ሊታገድ ይችላል። ስለዚህ ያገለገለ ሲገዙ ደረሰኝ፣ የሻጩን ማስታወቂያ ፎቶና የካርዱን ሁለቱንም ገጽ ፎቶ ያስቀምጡ። እገዳ ቢመጣ ለማስረዳት የሚያስችልዎ ይህ ብቻ ነው።

ቁልፍ ካርድ ወይስ ማውረድ?

ሙሉ ካርድ የሌለው ጌም ሲሆን ምርጫው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው። ቁልፍ ካርድ ከማንም አካውንት ጋር አይታሰርም፤ ይሸጣል፣ ይዋሳል። በኢሾፕ የተገዛ ጌም አይሸጥም፣ ግን ካርድ መሰካት አያስፈልገውም፣ ቅናሽ ሲወጣ ዋጋው በጣም ይወርዳል፣ በቤተሰብ ቡድን ውስጥ ላለ ሰውም ለ14 ቀን ማዋስ ይቻላል። ጨርሶ የሚሸጥ ሰው ቁልፍ ካርድ ይግዛ፤ ለረጅም ጊዜ የሚያቆይ ሰው ቅናሽ ጠብቆ ያውርድ። ለማስቀመጥና ለመሰብሰብ ብሎ ቁልፍ ካርድ መግዛት ግን አንመክርም። የጃፓን ብሔራዊ የፓርላማ ቤተ መጻሕፍት ጌሞችን ለትውልድ ሲሰበስብ ቁልፍ ካርዶችን እንደማይቀበል በ2025 የገለጸው ይዘቱ በካርዱ ላይ ስለሌለ ነው። የኒንቴንዶ የቀድሞ ኮንሶሎች የሆኑት የዊ ዩ እና የስሪ ዲ ኤስ ኢሾፖች በመጋቢት 2023 ለግዢ ተዘግተዋል፤ ቀድሞ የተገዛውን ማውረድ እስካሁን ቢፈቀድም፣ ሰርቨሩ በቆመ ቀን ቁልፍ ካርድ የሚከፍተው ነገር አይኖረውም።

ከሌላ አገር ሲገዙ ካርዱ ራሱ በየትኛውም አገር ስዊች ላይ ይሠራል። በኋላ የሚገዙት ተጨማሪ ክፍል ግን ካርዱ ከታተመበት ክልል ኢሾፕ መሆን አለበት፤ በአሜሪካ አካውንት የተገዛ ተጨማሪ በአውሮፓ ካርድ ላይ ላይከፈት ይችላል። ዱባይ ያሉ ሱቆች የአሜሪካንም የአውሮፓንም ሳጥን ጎን ለጎን ስለሚሸጡ፣ ከአካውንትዎ ክልል ጋር የሚስማማውን በዕድሜ ደረጃ ምልክቱ ይለዩ፤ የአሜሪካው ምልክት በእንግሊዝኛ ፊደል፣ የአውሮፓው 3፣ 7፣ 12፣ 16 ወይም 18 በሚል ቁጥር ነው። በጃፓን ብቻ የሚሸጠውን ርካሹን የጃፓንኛ ስዊች 2 ደግሞ ዋጋው አማልሎዎት አይግዙ፤ ከጃፓን አካውንትና ከጃፓንኛ ቋንቋ ውጪ አይሠራም።